ስለ ዝማሬ ቴአትርና ከመጋረጃው በስተኋላ ስላለው ድካም



የደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል በግንቦት ወር በሚከበርበት ጊዜ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች የቅዱስ ያሬድን ታሪክ በዝማሬ ቴአትር ለማሳየት መነሣታቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ነገሩ ከተሰማ ጀምሮ በመካከላችን ሁለት ዐይነት አሳብ ሆኖአል። አንዱ ወገን፥ ቴአትር የዓለም ጨዋታ ነውና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይግባ ይላል። ሁለተኛውም ወገን፥ ወጣቱ በሚወደው መንገድ ካልተማረ ከእጃችን ይወጣል ይላል። እኔም አስቀድሞ ከፊተኛው ወገን ነበርሁ። አሁን ግን የነገሩን ሥር ከታሪክ መርምሬ፥ ከመጋረጃውም በስተኋላ ያለውን በዐይኔ አይቼ ያገኘሁትን በዚህ መጽሐፍ ላስታውሳችሁ ወደድሁ።

የሚከለክሉት አባቶች ያለ ምክንያት አልተናገሩም። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአንጾኪያና በቁስጥንጥንያ ያስተማረ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ፥ ሕዝቡ ጸሎቱን ትቶ ወደ ቴአትርና ወደ ፈረስ እሽቅድምድም ቢሮጥ አጥብቆ ገሥጾአል። ነገር ግን የገሠጸበትን ምክንያት መመልከት ይገባል። የዚያ ጊዜ ጨዋታ ዝሙትን የሚያስውብ፥ ተመልካቹንም ከቅዳሴ የሚያስቀር ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው የቴአትር ስም ሳይሆን ፍሬው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ዜማና የሰውነት እንቅስቃሴ ተባብረው ትምህርት የሚሆኑበት ሥርዐት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የተነሣው ማኅሌታይ ያሬድ ግዕዝን፥ ዕዝልንና ዓራራይን እንደ ሠራልን ትውፊታችን ያስተምራል። ሊቃውንቱ በመቋሚያ፥ በጸናጽልና በከበሮ ወረብ ሲወርቡ ያየ ሰው፥ እግርና እጅም እንደ አንደበት እንዲያመሰግኑ ያውቃል። ይህን ስል ማኅሌት ቴአትር ነው ማለቴ አይደለም፤ ማኅሌት ጸሎት ነውና። ዳሩ ግን ጸሎቱን ያጠና ልጅ ለሌላውም መልካም ሥራ የተዘጋጀ ይሆናል።

ይህንንም የአገራችን የቴአትር ታሪክ ይመሰክራል። በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ የአውሬዎችን ተረት ጽፈው በአዲስ አበባ አሳዩ። በተረቱም የመኳንንቱ ጉድለት ስለ ተነካ፥ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከዚያ በኋላ ሥራውን ካነሡት ሰዎች መካከል ከፍ ያለው የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበረ። እርሱም የጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወላጅ፥ ቅኔን ከምንጩ የጠጣ፥ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ቀኝ ጌታ ማለት በማኅሌት በቀኝ በኩል የሚቆም መሪ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ።

ዮፍታሔ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ልጆችን ሲያስተምር፥ መዝሙር የተቀላቀለበት ቴአትር እየጻፈ ተማሪዎቹን ያጫውት ነበር። ሰምና ወርቅ የለመደ ሰው ነውና፥ የአገሩን ፍቅርና የሰውን ጥፋት በምሳሌ ሸፍኖ ተናገረ። በዚያን ዘመን ሴት ልጅ በመድረክ መታየት ስላልተለመደ የሴቲቱን ስፍራ ወንድ ልጅ ይይዝ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል በሆነ ጊዜ ለተዘመረው የሕዝብ መዝሙር ቃሉን የጻፈ እርሱ ነው፤ ዜማውንም የሠሩት በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ከመጡት አርባ የአርመን ልጆች ጋር የነበሩት መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደደ፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ እንደገና ቴአትር አሳየ፤ በ1939 ዓ.ም. ዐረፈ። እንዲህ ከሆነ፥ ይህን ጥበብ ከደጃችን የወጣ ልጅ አሳድጎታልና ፈጽሞ የባዕድ ነው ልንል አንችልም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ባለፈው ዓመት ልጆቹ ለልደት በዓል ጥቂት ጨዋታ ሲያዘጋጁ፥ ከዕቃ ቤት የካህን ካባና ጸናጽል ተውሰው አገኘኋቸው። ተቈጥቼ ልምምዳቸውን አስቀረሁ። እነርሱም ምንም ሳይመልሱ ካባውን አጥፈው፥ ጸናጽሉን በስፍራው ሰቅለው ሄዱ። ከእነርሱም አራቱ እስከ ጾመ ነነዌ ድረስ አልተመለሱም። የነገርኋቸው እውነት ነበረ፤ ልብሰ ተክህኖ ለጨዋታ አይሰጥምና። ነገር ግን ከለከልሁ እንጂ አላስተማርሁም። አራቱን ያስቀራቸው ቴአትሩ ሳይሆን ቍጣዬ ነበረ።

ስለዚህ ዘንድሮ ከመጋረጃው በስተኋላ ገብቼ ተቀመጥሁ። በዚያም ያየሁት ጨዋታ ሳይሆን ሥራ ነው። እናቶች ካባ የሚመስል ልብስ ከአሮጌ መጋረጃ ይሰፋሉ፤ መስቀል ግን አይጠልፉበትም። አንዱ ልጅ የንጉሥ ገብረ መስቀልን ጦር ከእንጨት ጠርቦ ጫፉን በቆርቆሮ ሸፍኖታል። አንዲት ልጅ ሙሉውን ጽሑፍ ይዛ በጨለማ ትቆማለች፤ ተናጋሪው ቃል ሲጠፋበት በሹክሹክታ ታቀብለዋለች። ቃላቸውን እንደ ዜማ ተማሪ በቃል ያጠናሉ፤ የተሳሳተውን መምህሩ ያርመዋል፥ ያልተሳሳተውም አብሮ ይደግመዋል። ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜም ከበሮውን አኑረው ንባቡን ብቻ አጠኑ፤ ይህንንም ያዘዛቸው ማንም ሳይኖር ከማኅሌቱ ሥርዐት ተምረው አደረጉት።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የትሉ ነገር ነው። ያሬድ ትምህርት እንቢ ብሎት ሲሸሽ፥ ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ የወጣችውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ ታውቃላችሁ። ይህችን ትል በክር የሚስበው ከእንጨቱ ዛፍ በስተኋላ የተደበቀ ትንሽ ልጅ ነው። ክሩ በአንድ ማታ ሦስት ጊዜ ተበጠሰ። ልጁ አላለቀሰም፤ ሦስት ጊዜ ቋጠረው። በበዓሉ ቀን ፊቱን ማንም አያይም፥ ስሙንም ማንም አይጠራም። ያሬድ ከትሉ የተማረውን ይህ ልጅ ከክሩ ተማረ።

እንግዲህ አባቶቼ፥ የምለምናችሁ ይህ ነው። ቴአትሩ ከቅዳሴ ሰዓት እንዳይጋጭ፥ ንዋየ ቅድሳትም ለጨዋታ እንዳይውል እንጠብቅ። የግእዙን ቃል፥ የዜማውንም ስም ሊቃውንቱ ይረሙላቸው። ይህን ሁሉ ግን ከደጅ ቆመን በመከልከል ሳይሆን አብረን ተቀምጠን በማሳየት እናድርገው። በበዓሉ ቀን በመድረክ የምታዩት ምናልባት አንድ ሰዓት የሚያህል ነው፤ ልጆቹን የሚያሳድጋቸው ግን ከመጋረጃው በስተኋላ ያሳለፉት ወራት ነው።

ከአራቱ ልጆች ሦስቱ ተመልሰዋል። አራተኛውን ለመጥራት በዚህ ሳምንት እኔ ራሴ ወደ ቤቱ እሄዳለሁ።

የደብራችንን በዓል በሰላም ያስፈጽመን፤ ለሚመጣውም ትውልድ ያድርሰን። አሜን።