ከአትላንታ ዳርቻ የተነሳው ማንቸስተር

ማንቸስተር ኦርኬስትራ የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ መቼ ጀመረ ብሎ ለሚጠይቅ ሦስት መልስ አለ፤ ሦስቱም ማስረጃ አላቸው። አባላቱ 2004ን ይጠራሉ። አልበም የሚቆጥር ሰው 2006 ይላል። የትልቁ ኩባንያ እትም ደግሞ 2007 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልዩነቱ የጸሐፊዎች ቸልተኝነት አይደለም። ባንድ ተወለደ የሚባለው ልጆቹ ዘፈን መሥራት ሲጀምሩ ነው፣ በራሳቸው ገንዘብ ሲያሳትሙ ነው፣ ወይስ ሌላ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ሲያሳትምላቸው? የባንዱን አልበሞች ከመጀመሪያው እስከ 2023 ድረስ በተራ የሚመረምር ሰው ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይገጥመዋል።

ባንዱ የተነሳበት ቦታ ከመሀል አትላንታ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው የከተማ ዳርቻ ነው። ሊልበርን እዚያ ውስጥ፣ ጉዊኔት ካውንቲ ውስጥ ትገኛለች። በ1890 የባቡር ሐዲዱን ተከትላ ማክዳንኤል በሚል ስም ተቆረቆረች፤ በ1910 ሊልበርን ተብላ ራሷን የቻለች ከተማ ሆነች። ዛሬ በሎረንስቪል ሀይዌይ የሚነዳ ሰው የመጥምቃውያን ቤተክርስቲያን፣ የኮሪያ ጉባኤ፣ የስፓኒሽ ጸሎት ቤት በተርታ ያያል፤ በ2007 በሩን የከፈተውና በእጅ በተፈለፈለ ድንጋይ የታነጸው ግዙፍ የስዋሚናራያን ሂንዱ ቤተ መቅደስም እዚያው ሊልበርን ነው። በዚህ በኩል ከሰፈሩት የአገራችን ሰዎችም ብዙዎቹ እሑድን የሚያሳልፉት በአምልኮ ነው። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባንዱ የተነሳው የሃይማኖት ጉዳይ የዕለት ወሬ ከሆነበት ሰፈር ነው።

የባንዱ መሥራችና ዘፋኝ አንዲ ሀል በ1986 ተወለደ። አባቱ ፓስተር ናቸው፤ አያቱም እንዲሁ። ሁለተኛ ደረጃን በግል ክርስቲያናዊ ትምህርት ቤት ጀምሮ የመጨረሻውን ዓመት ቤቱ ሆኖ ጨረሰ። የክፍል ጓደኛ በሌለበት በዚያ ዓመት ዘፈኖች ጻፈ፤ ከጓደኞቹም ጋር ሆኖ አንድ ሙሉ አልበም ቀረጸ። የባንዱን ስም ራሱ የመረጠው በእንግሊዟ ማንቸስተርና በሙዚቃዋ ተማርኮ ነው። ኦርኬስትራ ያለውም ቋሚ አባል ሳይኖር፣ ጓደኛ ሁሉ እየመጣ የሚጫወትበት ስብስብ አድርጎ ስላሰበው ነው። (ማንቸስተር የራሷ ኦርኬስትራ እንዳላት ማስታወስ ይገባል፤ በ1858 የተመሠረተው ሃሌ ነው።) የ2004ቱ አልበም ግን በሰፊው አልተሰራጨም። በ2005 አንድ አጭር አልበም ተከተለ። መጀመሪያ እንደ ቀልድ የተወሰደው የስብስብ ሐሳብ ኋላ ትንቢት ሊሆን ነው።

በ2006 የወጣው የመጀመሪያው ዋና አልበም ርዕስ ልጇን ያጣች ድንግል የሚል ሐሳብ የያዘ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው። በዳን ሃነን ፕሮዲዩሰርነት የተሠራ ነው። አሳታሚው ፌቨሪት ጄንትልመን ይባላል፤ ይኸውም የባንዱ ልጆች ራሳቸው ያቋቋሙት ድርጅት ነው። በቀጣዩ ዓመት የሶኒ ቅርንጫፍ የሆነው ካንቫስባክ ይኸንኑ አልበም እንደገና አውጥቶ በመላ አገሪቱ አሰራጨው። እንግዲህ ልብ ይባል፤ ትልቁ ኩባንያ የገዛው ያለቀ ሥራ ነበር። ሀል ገና 20 ዓመቱ ነበር፤ ነገር ግን ኩባንያው ሲመጣ የሚዘፈነውን የሚመርጥ ሰው ሆኖ አልመጣም። እኔ እንደሚመስለኝ የባንዱ ቀጣይ ዕድል የተወሰነው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ ውሉ አስቀድሞ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በታች የማወራቸው አልበሞች ግማሾቹ አይኖሩም ነበር።

እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ አንድ ነገር ማብራራት ያስፈልጋል። በአገራችን መዝሙርና ዘፈን ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። ከኳየር ወጥቶ ዘፋኝ የሆነ ሰው «ወደ ዓለም ተመለሰ» ይባላል፤ ከዘፈን የመጣ ዘማሪም ምስክርነት ይሰጣል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶችም ክርስቲያናዊ ሮክ የሚባል የራሱ ሱቅ፣ የራሱ ሬዲዮ፣ የራሱ መድረክ ያለው ገበያ አለ። የፓስተር ልጅ ሆኖ ስለ እግዚአብሔር የሚዘፍን ወጣት ወደዚያ ገበያ ቢገባ መንገዱ ጠራጊ አያጣም ነበር። ሀል አልገባም። ቢራ በሚሸጥበት ቤት ቆሞ ከአምላክ ጋር የሚከራከር ዘፈን መዝፈንን መረጠ። አልበሞቹ ውስጥ እግዚአብሔር በየቦታው ይጠራል፤ የሚጠራው ግን አንዳንዴ በምስጋና፣ አብዛኛውን ጊዜ በክርክር ነው። ይህን ያደረገ እርሱ ብቻ አይደለም፤ እንደ እርሱ ግን ለረጅም ጊዜ የቆየበት ጥቂት ነው።

ሁለተኛው አልበም ሚን ኤቭሪቲንግ ቱ ናቲንግ በሚያዝያ 2009 ወጣ። ፕሮዲዩሰሩ ጆ ቺካሬሊ ነበር፤ ከዋይት ስትራይፕስና ከማይ ሞርኒንግ ጃኬት ጋር የሠራ፣ ስሙ የታወቀ ሰው። ጊታሩ ወፈረ፣ ጩኸቱም በረታ፤ «አይቭ ጎት ፍሬንድስ» እና «ሼክ ኢት አውት» የተባሉት ዘፈኖች ባንዱን በአልተርኔቲቭ ሮክ ሬዲዮ አስተዋወቁት። በዚህ አልበም የተጫወቱት አምስት ሰዎች ሀል፣ ጊታሪስቱ ሮበርት ማክዳውል፣ ቤዝ የያዘው ጆናታን ኮርሊ፣ ኪቦርድ ላይ ክሪስ ፍሪማን፣ ድራም ላይ ጀረማያ ኤድመንድ ናቸው። ዝርዝሩን በሙሉ የጻፍኩት ለኋላው ስለሚጠቅመን ነው። ኤድመንድ በ2010 ወጣ። ኮርሊ በ2013፣ ፍሪማን በ2016 ተከተሉት። ከአምስቱ የቀሩት ሀልና ማክዳውል ናቸው። በኋለኞቹ አልበሞች ድራሙ ላይ ቲም ቬሪን፣ ቤዙ ላይ አንዲ ፕሪንስን እናገኛለን።

በዚሁ ጊዜ ሀል ለብቻው ሌላ መዝገብ ይሞላ ነበር። ራይት አወይ ግሬት ካፒቴን በሚል ስም ሦስት አልበሞች አወጣ፤ ታሪካቸው ሚስቱ ከወንድሙ ጋር ከድታው ወደ ባሕር የሸሸ የጥንት መርከበኛ ነው። ከኒውዮርኩ ኬቪን ዲቫይን ጋር ደግሞ ባድ ቡክስ የሚባል ባንድ አቋቁሞ በ2010፣ በ2012 እና በ2019 አልበም ሠራ። እነዚህን የትርፍ ጊዜ ሥራ አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን መለማመጃ ነበሩ እላለሁ። ራሱን ሳይሆን ሌላን ሰው ሆኖ መዝፈንን የተማረው በመርከበኛው ነው፤ ትምህርቱ በ2017 ፍሬ ያፈራል።

ሲምፕል ማዝ በግንቦት 2011 ወጣ፤ ፕሮዲዩሰሩም ተመልሶ ዳን ሃነን ሆነ። ሀል ይህን አልበም ትዳርን፣ ፍቅርን፣ እምነትን ሁሉ የሚጠይቅ የ23 ዓመት ወጣት ታሪክ ነው ብሎ ገልጾታል፤ ወጣቱም ራሱ መሆኑን አልደበቀም። በደጋን የሚመቱ ባለገመድ መሣሪያዎች ገቡ። «ቨርጂን» በተሰኘው ዘፈን የሕፃናት ኳየር ይሰማል፤ ርዕሱ ደግሞ ወደ 2006ቱ አልበም ያመለክታል። የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን የተቀረጸለት ቪዲዮ የሁለት ወጣት ዳይሬክተሮች ሥራ ነበር፤ ዳንኤል ክዋንና ዳንኤል ሻይነርት ይባላሉ። የመኪና አደጋና የአባትና የልጅ ትዝታ እየተጠላለፉ ይሄዳሉ። ያኔ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ለታሪክ ጸሐፊ ከሁሉ የተመቸ ነው፤ ሁለት ምስክር ስላለው። ከሲምፕል ማዝ በኋላ ባንዱ ሎማ ቪስታ ወደተባለ አሳታሚ ተዛወረ፤ አትላንታ ውስጥ አንድ መኖሪያ ቤት ስቱዲዮ አድርገው ኮፕ የተባለውን አልበም እዚያ ቀረጹ። በሚያዝያ 2014 ወጣ። ኮፕ የሲምፕል ማዝ ተቃራኒ ነው፤ በደጋን የሚመታ መሣሪያ የለ፣ ኳየር የለ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈን ጊታሩ አይዝልም። በመስከረም ወር ደግሞ ሆፕ ወጣ፤ ዘፈኖቹ እነዚያው፣ ግጥሙ ያው፣ ግን ጩኸቱ በሙሉ ተወስዶ በፒያኖ፣ በዝግተኛ ጊታርና በድምፅ የተሠራ። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያደምጥ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ኮፕ ላይ እንደ ቁጣ የሚሰማው ቃል ሆፕ ላይ እንደ ኑዛዜ ይሰማል። አንድን ዜማ በሁለት ቅኝት ለሚያውቅ ጆሮ ይህ አዲስ ነገር ላይሆን ይችላል። ለአንድ የሮክ ባንድ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ የራሱን አልበም ገልብጦ ማውጣት ድፍረት ይጠይቃል፤ የስቱዲዮ ሰዓት በገንዘብ የሚገዛ ባንድም በቀላሉ አይሞክረውም። ቤቱ የራሳቸው ነበር።

ከዚያ እነዚያ ሁለት ዳይሬክተሮች ተመለሱ። የመጀመሪያውን ረጅም ፊልማቸውን፣ ስዊስ አርሚ ማንን ሲሠሩ ሙዚቃውን ለሀልና ለማክዳውል ሰጡ፤ ከአንድ ትእዛዝ ጋር፤ መሣሪያ አትጠቀሙ። ፊልሙ ሰው በሌለበት ደሴት የተጣለ ሰውና ያገኘው አስከሬን ታሪክ ነው። ሙዚቃው በአብዛኛው ከሰው ድምፅ የተሠራ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ድምፃቸውን ደጋግመው እየቀረጹ፣ አንዱን በሌላው ላይ እየደረቡ ከበሮውንም ክራሩንም የሚያህል ነገር በጉሮሮ ፈጠሩ። ተዋናዮቹ ፖል ዴኖና ዳንኤል ራድክሊፍም ዘፍነውበታል። ፊልሙ በ2016 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ታየ። (የሁለቱ ዳይሬክተሮች ሌላ ፊልም በ2023 ሰባት ኦስካር ወሰደ።) አስራ ሁለት ዓመት ጊታር ላይ ተደግፎ የቆየ ሰው ጊታሩን ሲነጥቁት ምን ይቀረዋል የሚለው ጥያቄ በተግባር ተፈተነ። ከዚያ በኋላ ያሉት አልበሞች ውስጥ ተደራርቦ የሚሰማው የድምፅ ግድግዳ የመጣው ከዚህ ፊልም ነው፤ በኮፕ ውስጥ አይገኝም።

በሐምሌ 2017 የወጣው ኤ ብላክ ማይል ቱ ዘ ሰርፌስ የባንዱ ትልቁ ሥራ ነው፤ ይህን እንደ ፍርድ እንጂ እንደ መረጃ አልጽፈውም። በሦስት ፕሮዲዩሰሮች፣ በካትሪን ማርክስ፣ በጆን ኮንግልተንና በጆናታን ዊልሰን እጅ አልፏል። ሀል ቀደም ብሎ የሴት ልጅ አባት ሆኖ ነበር። አልበሙ ግን ስለ ቤቱ ብቻ አይዘፍንም፤ መቼቱን ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ሊድ በተባለች የማዕድን ከተማ ላይ አደረገ። የሊድ ሆምስቴክ የወርቅ ማውጫ ከ1876 ጀምሮ ሲቆፈር ኖሮ በ2002 ተዘጋ፤ ጥልቀቱ ወደ 2,400 ሜትር ይደርስ ነበር፤ በሰሜን አሜሪካ ጥልቁ የወርቅ ጉድጓድ እርሱ ነበር። ርዕሱ ውስጥ ያለው ጥቁር ማይል እንግዲህ ከባዶ የመጣ አይደለም። «ዘ ጎልድ» የሚዘፈነው በማዕድን ቆፋሪ ሚስት አንደበት ነው። መርከበኛው ያስተማረው ትምህርት እዚህ ሥራ ላይ ዋለ፤ አባትነት፣ ፍርሃት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ጉዳት ሁሉ የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ ቀረበ። በ2018 ፊቢ ብሪጀርስ «ዘ ጎልድ»ን መልሳ ስትዘፍነው ዘፈኑ ባንዱን ወደማያውቅ ትውልድ ተሻገረ።

የ2021ዱ ዘ ሚሊየን ማስክስ ኦፍ ጎድ ከሐዘን የወጣ ነው። የማክዳውል አባት በ2019 በካንሰር ሞተዋል፤ አልበሙ የሞት መልአክ አንድን ሰው ይዞ የሕይወቱን ትዕይንቶች ሲያሳየው ያስባል። ርዕሱ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከጂ ኬ ቸስተርተን የተወሰደ ነው። ብላክ ማይል ስለ መወለድ የተጠየቀ ጥያቄ ከሆነ ይህኛው የዚያው ጥያቄ ሌላ ጫፍ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ዘፈኖቹ ጥሩ ናቸው፣ ሁለተኛው አጋማሽ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ለእኔ ይረዝምብኛል።

በመጋቢት 2023 ዘ ቫሊ ኦፍ ቪዥን የተባለ ባለ ስድስት ዘፈን አጭር አልበም ወጣ፤ ስሙን ያገኘው ከፒዩሪታኖች የጸሎት መጽሐፍ ነው። አይዛክ ዲትዝ የተባለ ዳይሬክተር በምናባዊ እውነታ መነጽር የሚታይ ፊልም ሠራለት። ሙዚቃው ዝግ ያለ ነው፤ ጊታሩ ወደ ኋላ ሄዶ ፒያኖውና ድምፁ ፊት ቆመዋል። የፓስተር ልጅ፣ ስሙን ከጸሎት መጽሐፍ በወሰደ አልበም፣ ከቀድሞው ይልቅ ለጸሎት በቀረበ ድምፅ ይዘፍናል። ሆኖም አሁንም አልበሙ በመዝሙር ሱቅ መደርደሪያ አይገኝም። የአልበሞቹን ጀርባ ገልብጦ የአሳታሚዎቹን ስም ለሚያነብ ሰው ደግሞ ካንቫስባክ መጥቶ ሄዷል፣ ኮሎምቢያ የተባለው አሳታሚም እንዲሁ፣ ሎማ ቪስታ ከ2014 ወዲህ አለ። ከ2006 ጀምሮ በሁሉም ላይ የሚገኘው ስም ፌቨሪት ጄንትልመን ብቻ ነው።