የልብ ድካም እና የቆየ ሕመም በአረጋውያን (ጋሞ ዞን)

የልብ ድካም ልብ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት ሲያቅተው የሚከሰት፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የጤና ችግር ነው። የልብ ደም ስር በድንገት ሲዘጋ የሚደርሰውም ሕመም በተለምዶ በዚሁ ስም ስለሚጠራ ሁለቱ ይምታታሉ። ይህ መጣጥፍ የመጀመሪያውን፣ በተለይም በጋሞ ዞን አረጋውያን ላይ ከጉልበት፣ ከወገብና ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ተደርቦ ሲመጣ ያለውን ሁኔታ ይመለከታል።

በኢትዮጵያ ወጣቶችን ለልብ ድካም ከሚዳርጉት ዋነኛው፣ በልጅነት ሳይታከም የቀረ የቶንሲል ሕመም የሚያስከትለው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። በዕድሜ በገፉት ላይ የደም ግፊትና የልብ ደም ስሮች መጥበብ ያመዝናሉ። ለዓመታት የማገዶ ጭስ መሳብም ሳንባን በመጉዳት የልብን ቀኝ ክፍል ሊያደክም ይችላል።

== የእግር እብጠት ==

የልብ ድካም ምልክቶች ቶሎ መድከም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ በጀርባ ተንጋሎ መተኛት አለመቻልና የእግር ማበጥ ናቸው። በጋሞ ደጋማ አካባቢዎች ግን እግር የሚያሳብጥ ሌላም በሽታ አለ፤ ይኸውም ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ ይመጣል። ዝሆኔ ከእግር መዳፍ ይጀምራል፣ ብዙውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም፣ አንዱ እግር ከሌላው ይበልጥ ያብጣል፣ ቆዳውም ይወፍራል። የልብ ድካም እብጠት በአብዛኛው ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ በጣት ሲጫኑት ጉድጓድ ይተዋል። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ስለሚችል «የቆየ ዝሆኔ ነው» ብሎ ማለፍ ሕክምናውን ያዘገያል።

== የሕመም ማስታገሻዎች ==

ችግሩ የሚጠናው እዚህ ላይ ነው። በሸማ ሥራ ለዓመታት አጎንብሶ የኖረ የዶርዜ ሸማኔ ወይም እንጨት ተሸክማ ቁልቁለት ስትወርድ የኖረች እናት ለወገብና ለጉልበት ሕመም ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ። በዚህም የፍሩሴማይድን (ላሲክስ) ሥራ ያዳክማሉ፤ ከእሱና ከኢናላፕሪል ጋር አብረው ሲወሰዱ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ጉልበቱ ተሽሎት ከጥቂት ቀናት በኋላ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል የሚገባ ታካሚ ሁለቱን ነገሮች ላያያይዛቸው ይችላል። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶንም ፈሳሽ ሊያስቀሩ ይችላሉ።

ለልብ ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው፤ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ዓይነት ግን ሶዲየም ስላለበት አይመከርም። ትራማዶል በሐኪም ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል፤ ይሁንና በአረጋውያን ላይ ድርቀትና የአእምሮ መደናገር ያመጣል። ሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ፣ ምርኩዝና ቀላል እንቅስቃሴ ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ግን እምብዛም አይነገርላቸውም። ስለዚህ ማስታገሻ ሲገዙ «የልብ መድኃኒት እወስዳለሁ» ማለት፣ ወይም የሚወስዱትን መድኃኒት ካርቶን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

== አመጋገብና ክትትል ==

ጨው መቀነስ ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው። ቆጮ ራሱ ጨው የለውም፤ አብሮት የሚቀርበው ዳጣ ግን ሊበዛበት ይችላል። በአርባ ምንጭ ዙሪያ በብዛት የሚበላው ሽፈራው ለደም ግፊት ይበጃል ይባላል፤ ሆኖም የታዘዘን መድኃኒት አይተካም። ጸበል በብዛት የሚጠጡ ታካሚዎችም መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር ቢነጋገሩበት ይሻላል፤ ጉዳዩ የእምነት ሳይሆን የፈሳሽ መጠን ነው።

በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ያህል መጨመር ፈሳሽ እየተጠራቀመ መሆኑን ያሳያል። ሚዛን በሌለበት ቤት ኮንጎ ጫማ መጥበቡ ወይም የትራስ ቁጥር መጨመሩ ይጠቁማል። አርባ ምንጭ ወደ 1,300 ሜትር፣ ጨንቻ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ለክትትል ወርዶ መመለስ ለደከመ ልብ ከባድ ነው። ስለዚህ መድኃኒት ከማለቁ በፊት ቀጠሮውን በቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም በጨንቻ ሆስፒታል ማድረግ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።