አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት

ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ሰው ሲሞትም ዘመድ የሚቆጥራቸው ቀኖች እነዚሁ ናቸው፤ ሣልስቱ ካለፈ በኋላ አርባው፣ ሰማንያው፣ ከዚያም መንፈቁና ሙት ዓመቱ ይከተላሉ። መጽሐፈ ኩፋሌ እንደሚለው አዳም ወደ ኤደን ገነት የገባው በ40 ቀኑ፣ ሔዋንም በ80 ቀኗ ነው። ለሙታን አርባ የጌታን ዕርገት ምክንያት የሚያደርጉ መምህራንም አሉ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ሞጣ ባለው የጎጃም ደጋ ገበሬው ስለ ማስረጃው ብዙም አይጨነቅም፤ እሱን የሚያስጨንቀው ለአርባው የሚበቃ እህል ከጎተራ መኖሩና ጌሾው በጊዜ መወቀጡ ነው።

የዚህ ሁሉ ሥር አንድ ትምህርት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እምነት ከሥጋዋ የተለየች ነፍስ ገና የመጨረሻ ቦታዋን አልያዘችም። የጻድቅ ነፍስ በገነት፣ የኃጥእ ነፍስ በሲኦል ትቆያለች፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ግን ከዳግም ምጽአት በኋላ፣ ሥጋና ነፍስ እንደገና ሲዋሐዱ የሚወረሱ ናቸው። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው፣ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን፣ የሚያስተምረው ይህንን ነው። አዳም ራሱ ከነልጆቹ 5500 ዘመን ጠብቋል፤ ክርስቶስ በዕለተ ዓርብ ወደ ሲኦል ወርዶ ነፍሳቱን ወደ ገነት እስኪመልስ ድረስ። ሟቹ ከእንግዲህ ንስሐ መግባት አይችልም፣ ያ በር ተዘግቷል። ጉዳዩ ግን አልተዘጋም። እስከ ፍርድ ቀን ባለው ጊዜ በምድር የቀረ ዘመድ ሊያደርግለት የሚችለው ነገር አለ፦ ፍትሐት ማስደረግና ተዝካር መደገስ።

ነፍስ ፍርድን እየጠበቀች ትቆያለች የሚለው ሐሳብ ጥንታዊ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ በምዕራፍ 22 ነፍሳት እስከ ፍርድ ተለያይተው የሚቆዩባቸውን ጥልቅ ስፍራዎች ያሳያል፤ ለጻድቃን የተለየው ብሩህ የውኃ ምንጭ አለበት። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ ለዓለም የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ሰከላ ድረስ ዘልቆ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ፤ ወደ አውሮፓ ሲመለስም ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ገባ። ለብሩስ ምንጩ የጂኦግራፊ እንቆቅልሽ መፍቻ ነበር። እዚያው ለሚጠመቀው ምእመን ደግሞ ውኃው ከገነት ከሚወጡት አራት ወንዞች አንዱ፣ ግዮን ነው። ጎጃሜ ስለ ገነት ሲያወራ ስለ ጎረቤት አገር የሚያወራ የሚመስለው አንድም በዚህ ይመስለኛል።

ከብሩስ በፊት በ1618 እ.ኤ.አ. ያንኑ ምንጭ ያየው ፔድሮ ፓኤዝና የኢየሱሳውያን ማኅበሩ ከሮም ያመጡት የወዲያኛው ዓለም ካርታ ሌላ ነበር። የሮም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 12ኛ በ1336 እ.ኤ.አ. የነጻች ነፍስ ፍርድ ቀንን ሳትጠብቅ ወዲያው እግዚአብሔርን ታያለች ብለው ወስነዋል። የፍሎረንስ ጉባኤም በ1439 እ.ኤ.አ. ያልነጹ ነፍሳት ከሞት በኋላ የሚነጹበትን ትምህርት አጸና። ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እዚያ የደረሱት ሁለት ዓመት ዘግይተው ነው። በሮም ዐይን ሲታይ ጥያቄው ቀላል ነው፦ ነፍስ የምትነጻበት ሦስተኛ ቦታ ከሌለ ተዝካሩ ለማን ነው? አፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ሕዝቡን ወደ አባቶቹ ሃይማኖት መለሱት። ኢየሱሳውያኑ መርጡለ ማርያም ላይ ያሠሩት ሕንፃ ፍርስራሽ ዛሬም ቆሟል። ተዝካሩም እንደ ቀድሞው ቀጠለ።

ለሮም ጥያቄ የጎጃም መልስ በክርክር የተጻፈ አይደለም፤ በግድግዳ ላይ የተሣለ ነው። ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው በላኤ ሰብን ያገኘዋል። ታሪኩ የተአምረ ማርያም ነው። መጽሐፉ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በ1400 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ በአፄ ዳዊት ዘመን ነው፤ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ያጸኑት ልጃቸው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። በላኤ ሰብ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰው በልቷል። ከዕለታት አንድ ቀን በውኃ ጥም የሚሠቃይ ድኻ መንገድ ላይ አገኘው። ድኻው በሌሎች ስም ለምኖ እንቢ ሲባል በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ለመነ፤ ሰውየውም ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ሥራው በሚዛን ተመዘነ። 78ቱ ነፍስ ሚዛኑን ደፋ፤ የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍበት ግን ጥርኟ ውኃ ከበደች።

በዚህ ታሪክ የሚቆጡ አሉ። ፕሮቴስታንቶች ለነፍሰ ገዳይ ርካሽ ምሕረት ነው ይሉታል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥም ሕዝቡ ውኃውን ይዞ ንስሐውን ይረሳል ብለው የሚሰጉ መምህራን አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሚዛኑ ላይ የወጣው ነገር ነው፤ ለተጠማ ሰው የተሰጠ ውኃ እንጂ ጾምም ስግደትም አይደለም። ጎጃም ውስጥ ደግሞ በዚያው ስም የሚለምን ሰው በየቀኑ ደጅ ይቆማል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪ የበላኤ ሰብን ድኻ ልመና ነው የሚደግመው። ቁራሽ የምትሰጠው እናትም ለዋሸራ ወይም ለደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤት እየረዳሁ ነው ብላ አይደለም፤ ለራሷ ወይም ለሟች ልጇ ነፍስ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ ከትውልድ ትውልድ የቅኔ መምህራን ያፈሩት በዚህ ቁራሽ ነው። ተማሪ የተዝካር ቀን ሲሰማ ከሩቅ ቀበሌ ተጠራርቶ ይመጣል፤ የሚጠግብበት ቀን ነዋ።

ነፍስን ለማሻገር ሌላም መንገድ አለ። ልፋፈ ጽድቅ የሚባለው ጽሑፍ ከሟቹ ጋር ተገንዞ ይቀበራል፤ በውስጡ ያሉት ምሥጢራዊ ስሞች ነፍስን በየኬላው ያሳልፏታል ተብሎ ይታመናል። እንግሊዛዊው ዋሊስ በጅ በ1929 እ.ኤ.አ. ሲያሳትመው ከጥንት ግብፃውያን የሙታን መጽሐፍ ጋር አመሳስሎታል። ለእኔ ይህ ከተዝካሩ ጋር የማይስማማ ነገር ነው። ስሙን የያዘ ሰው ማንንም ሳያበላ ያልፋላ!

ተዝካር ቤት ማፍረሱንም መካድ አይቻልም። የአባቱን ስም ለማስጠራት በሬ የሸጠ፣ በወለድ የተበደረ ገበሬ ብዙ ነው፤ ግብዣው ከነፍስ ይማር አልፎ የወገን ፉክክር ሲሆን አይተናል። ከዚህም የከፋ ዋጋ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ደራሲ፣ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የዋናው ገጸ ባሕርይ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዲኖርላቸው ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። ከሰማይ ጋር የተገባው ውል የሚከፈለው በልጁ ሕይወት ነው። ሐዲስ ያደጉት በቄስ ትምህርትና በቅኔ ቤት በመሆኑ ውሉን ከውስጥ ያውቁታል፤ ትችታቸው የሚያመውም ለዚህ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የካቲት የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት የመንግሥት ሲያደርግ የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ሄደ። የባላባቱ ትልቅ ድግስ ቀረ፤ የቅኔ ቤቱ ሸክም ይበልጥ በገበሬዋ እናት ቁራሽ ላይ ወደቀ። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ከተማ አርባን በአዳራሽ፣ በታሸገ ውኃና በወንበር ኪራይ የሚያወጡ አሉ። ወጪውን ለገዳም ወይም ለአረጋውያን መጦሪያ የሚሰጡም አሉ፤ ሰባክያንም ይህን ያበረታታሉ። ውጭ አገር የሚኖሩት ገንዘቡን ወደ ተወለዱበት ደብር ይልካሉ፤ ካህናቱ ፍትሐቱን ያደርሳሉ፣ ዘመድ እንጀራውን ይጋግራል። በአዳራሹ ተዝካር ግን የጠገበ ሰው ጠግቦ ይወጣል፤ የቆሎ ተማሪውን ዘበኛው በር ላይ ይመልሰዋል። ይህን ለውጥ ስልጣኔ የሚሉት ሰዎች ተዝካሩ ከመጀመሪያው ለማን እንደተደገሰ ቢጠይቁ እወዳለሁ።