ጫጫታ ተብሎ የተናቀው ዜማ

ቤታችን ውስጥ አንድ አሮጌ ካሴት አለ። የአያቴን ወግ ለማስቀረት ታስቦ የተቀዳ ነው። ወቅቱ ክረምት ነበርና ከእርሳቸው ድምፅ እኩል ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ገብቶበታል። «ተበላሽቷል» ተብሎ ሌላ ሊቀዳበት ሲል ከወንድሜ እጅ የነጠቅሁት እኔ ነኝ።

ያ ካሴት ትዝ ያለኝ ስለ ዓሣ ነባሪዎች ድምፅ ሳነብ ነው (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዣክ ኢቭ ኩስቶና ሉዊ ማል የሠሩት «የዝምታው ዓለም» የተሰኘ ፊልም በ1956 በካን ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አገኘ። ለመሆኑ ባሕር ዝምተኛ ነውን? ከዚያ 7 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1949፣ ዊሊያም ሼቪልና ባለቤቱ ባርባራ ሎውረንስ በካናዳ፣ ኩቤክ ወደሚገኘው የሳግኔ ወንዝ ወርደው ነበር። የያዙት የውኃ ውስጥ ድምፅ የሚለቅም ሃይድሮፎንና አለቆች ለጸሐፊዎቻቸው ደብዳቤ የሚያስጽፉበትን የቢሮ ድምፅ መቅጃ ነው። ለደብዳቤ የተሠራው መሣሪያ የነጭ ዓሣ ነባሪዎችን ፉጨት፣ አልፎ አልፎም ከሩቅ የሚንጫጩ ሕፃናትን የሚመስል ድምፅ ቀዳ።

በአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በቤርሙዳ ደሴት ደግሞ ፍራንክ ዋትሊንግተን የተባለ መሐንዲስ ነበር። በ1950ዎቹ ሥራው ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የባሕር ውስጥ ፍንዳታ ድምፅ መቅዳት ነበር። ሃይድሮፎኑ ግን ያልታዘዘውንም ይዞ ይመጣል፤ ሐምፕባክ የሚባሉት ጎባጣ ዓሣ ነባሪዎች በሥራው መሀል ይገቡበታል። ዋትሊንግተን ድምፁን አልጣለውም፤ ሸሸገው እንጂ። ለምን ቢሉ፣ አዳኞች ሰምተው በድምፃቸው እንዳይከታተሏቸው ሠግቶ ነው።

በ1960ዎቹ ምስጢሩን ለባዮሎጂ ምሁሩ ለሮጀር ፔይን አካፈለ። ፔይንና ስኮት ማክቬይ ቅጂዎቹን ሲመረምሩ ነገሩ ተራ ጩኸት እንዳልሆነ ገባቸው። ከ7 እስከ 30 ደቂቃ የሚዘልቅ፣ ሲያልቅም ከመነሻው የሚደገም፣ ሥርዓት ያለው ዜማ ነው። ዜማው በ1970 በሸክላ ታተመ፤ ጥናቱም በ1971 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ። በ1979 ደግሞ «ናሽናል ጂኦግራፊክ» መጽሔት ከዜማው የተቀነጨበ ስስ ሸክላ ከ10 ሚሊዮን በሚበልጡ ቅጂዎቹ ውስጥ አያይዞ አሠራጨ።

ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ለንግድ የሚካሄደው አደን እንዲታገድ በ1982 ወሰነ፤ እገዳው ከ1986 ጀምሮ ጸና። ይህን ያመጣው ዜማው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ብዙዎች በሥጋውና በዘይቱ ብቻ ያውቁት የነበረውን እንስሳ በዘፋኝነቱ እንዲያስቡት አድርጓል። ዋትሊንግተን የታዘዘውን ብቻ አስቀርቶ ቀሪውን ቢያጠፋው ማን ይወቅሰው ነበር? ቴፑ የተመደበው ለፍንዳታ ነው።

አያቴ ካረፉ ቆይተዋል። ካሴቱን ሳጫውተው በወጋቸው መሀል ዝናቡ ይበረታል፤ እርሳቸውም ቃላቸውን አቋርጠው እስኪያባራ ይጠብቃሉ። ዱሮ ያን ቦታ አሳልፈው ነበር። አሁን አብሬያቸው እጠብቃለሁ።