ከዘውድ ዕንቍ እስከ ረቂቅ ዱቄት፤ የፌራይት ታሪክ

የሰው ልጅ ከከርሠ ምድር ከሚያወጣቸው ማዕድናት አንዳንዶቹ በውበታቸው፣ አንዳንዶቹም በጥቅማቸው የተከበሩ ናቸው። ዛሬ የምናወሳው የማዕድን ቤተ ዘመድ ግን ሁለቱንም ክብር ያገኘ ነው። በእንግሊዝ ዘውድ ላይ የሚታየው «የጥቁሩ ልዑል ሩቢ» የተባለው ታላቅ ቀይ ዕንቍ ለብዙ ዘመናት ሩቢ ሲባል ኖሮ፣ በኋላ ስፒኔል የተባለ ሌላ ማዕድን መሆኑ ታውቋል። ሁለቱን ማዕድናት ለይቶ ያስታወቀው ፈረንሳዊው ሊቅ ሮሜ ደ ሊል ሲሆን፣ ዘመኑም 1783 ዓ.ም. ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብረትን የሚስበው፣ መርፌም እየታሸበት ለመርከበኞች አቅጣጫን ያመለከተው ጥቁሩ የመግነጢስ ድንጋይ በመልኩም በጠባዩም ከዚያ ቀይ ዕንቍ ጋር የሚዛመድ አይመስልም። ይሁን እንጂ የሁለቱ ውስጣዊ አሠራር አንድ ነው። ይህንንም በ1915 ዓ.ም. በራጅ ጨረር መርምረው የገለጹት በእንግሊዝ አገር ዊልያም ሄንሪ ብራግ፣ በጃፓንም ሾጂ ኒሺካዋ ናቸው። በአንዲት የክሪስታል ክፍል ውስጥ 32 የኦክሲጅን አቶሞች በሥርዓት ይደረደራሉ። በመካከላቸው ከሚገኙት 24 የብረታ ብረት አቶሞች 8ቱ አራት ኦክሲጅን በከበበው ስፍራ፣ 16ቱም ስድስት ኦክሲጅን በከበበው ስፍራ ይቀመጣሉ። በዕንቍው ውስጥ እነዚህን መቀመጫዎች የያዙት ማግኒዚየምና አሉሚኒየም ሲሆኑ፣ በመግነጢስ ድንጋይ ውስጥ ግን ብረት ብቻውን ሁለቱንም ይዟል። ብረት ከዚንክ፣ ከኒኬል፣ ከኮባልት ወይም ከማንጋኒዝ ጋር ሆኖ በዚሁ ሥርዓት ሲገነባ የስፒኔል ፌራይት ይባላል።

ፌራይት ለኢንዱስትሪ መብቃቱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የዚንክ ማዕድን ሲጠበስ ዚንኩ ከብረት ጋር ተዋሕዶ ዚንክ ፌራይት ይሆንና በቀላል አሲድ አልሟሟም እያለ አጣሪዎችን ያስቸግር ነበር። በቶኪዮ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ዮጎሮ ካቶና ታኬሺ ታኬይ ይህን እንቅፋት ሲያጠኑ የፌራይትን መግነጢሳዊ ጠባይ አስተዋሉ፤ በ1930 ዓ.ም. ገደማም ለሥራ የሚውል ፌራይት ሠሩ። በ1935 ዓ.ም. ይህንኑ ዕቃ የሚያመርት ኩባንያ በጃፓን ተቋቋመ። ተራ ብረት በፍጥነት በሚለዋወጥ የኤሌክትሪክ ሞገድ ውስጥ ሲገባ ይግላል፤ ኀይልም ያባክናል። ፌራይት ግን ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለማያስተላልፍ ለራዲዮ መሣሪያ እጅግ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ።

የመግነጢሳዊ ኀይሉን ምክንያት በ1948 ዓ.ም. ያብራራው ፈረንሳዊው ሉዊ ኔል ነው። በሁለቱ ዓይነት መቀመጫዎች ላይ ያሉት አቶሞች መግነጢሳዊ ኀይላቸውን በተቃራኒ አቅጣጫ ያዞራሉ፤ ሆኖም እኩል ስላልሆኑ ከመጣፋቱ የሚተርፈው ኀይል ከውጭ ይታያል። ኔል በ1970 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የዚህ ማዕድን ሁለተኛው አገልግሎት የኬሚካል ለውጥን ማፋጠን ነው። ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ በጀርመን አገር አልቪን ሚታሽ አሞንያን ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን ለማምረት የሚረዳ አፋጣኝ ሲፈልግ ብዙ ሺህ ሙከራ አደረገ። መልካም ውጤት ከሰጡት አንዱ ከስዊድን የመጣ የመግነጢስ ድንጋይ ነበር። ይህ ድንጋይ አሉሚናና ፖታሲየም ተጨምሮበት በምድጃው ውስጥ ወደ ብረትነት ሲለወጥ ሥራውን ያከናውናል። በ1913 ዓ.ም. በኦፓው የተከፈተው ፋብሪካ በዚህ መንገድ ሠራ። ዛሬም የአሞንያ ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ከዚሁ የሚወጣውን አፋጣኝ ነው። የአገራችን ገበሬ በማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያም ከአሞንያ የሚሠራ በመሆኑ፣ የዚህ ጥቁር ድንጋይ ውለታ ከእርሻችን ደርሷል ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ፊታቸውን ወደ ረቂቅ ዱቄት አዞሩ። በ1981 ዓ.ም. ረኔ ማሳር በፓሪስ የብረት ጨዎችን በውኃ አሟሙቶ አሞንያ በመጨመር፣ መጠናቸው የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ክፍል በሆነው በናኖሜትር የሚለካ ቅንጣቶችን አዘጋጀ። የመድቀቁ ጥቅም በስሌት ይታያል። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ይኸው ኩብ ጎናቸው 10 ናኖሜትር ወደሆኑ ኩቦች ቢከፈል ግን የገጹ ስፋት 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። የኬሚካል ለውጥ የሚፋጠነው በገጽ ላይ ስለሆነ ጥቂት ዱቄት ብዙ ይሠራል። ለምሳሌ ያህል፣ ከሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ጋር ሆኖ በፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ያለውን ቀለም ለማፍረስ ይረዳል፤ ሥራውን ሲጨርስም በማግኔት ተስቦ ከውኃው ይለያል።

ሦስተኛው ጠባዩ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። ጉስታፍ ኪርሆፍ በ1859 ዓ.ም. አንድ አካል አጥብቆ የሚቀበለውን ጨረር ሲሞቅ አጥብቆ እንደሚሰጥ አስረድቶ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ዋልድሮን የተባለ ተመራማሪ ፌራይቶች ዓይን የማያየውን የኢንፍራሬድ ጨረር በሁለት ዋና ዋና ስፍራዎች እንደሚቀበሉ አሳየ፤ ይህም የሁለቱ መቀመጫዎች ንዝረት ነው። ስለዚህ ፌራይት በምድጃ ግድግዳ ላይ ተቀብቶ ሙቀትን መልሶ እንዲያበራና ነዳጅ እንዲቆጥብ ይጠናል።

እንግዲህ ታሪኩ የሚያስተምረን፣ የአንድ ነገር ጠባይ የሚወሰነው በውስጡ ባሉት ንጥረ ነገሮች ብቻ ሳይሆን እያንዳንዳቸው በያዙት ስፍራም ጭምር መሆኑን ነው። ለዚህም አጣሪዎችን ያስቸገረው ዚንክ ፌራይት ራሱ ምስክር ነው። በተለመደው መጠኑ ዚንክና ብረት በየስፍራቸው ስለሚቀመጡ መግነጢሳዊ ኀይሉ ደካማ ነው። ወደ ናኖሜትር መጠን ሲደርስ ግን ከሁለቱ አቶሞች ጥቂቶቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ያን ጊዜ አንዳች አዲስ ነገር ሳይጨመርበት ኀይሉ ይበረታል። እንቅፋት ተብሎ የነበረውን ይህን ዱቄት ለጥቅም ያበቃው፣ ከመጣል ይልቅ መመርመርን የመረጡ ሰዎች ትዕግሥት ነው።