የአየር ፎቶግራፍና የትውልድ ቀዬ

የአየር ፎቶግራፍ ከአውሮፕላን፣ ከፊኛ፣ ከሳተላይት ወይም ከድሮን ቁልቁል የሚነሳ ምስል ነው። በጦር ሜዳ ቅኝት ተሞክሮ ካደገ በኋላ ጦርነት ሲያበቃ ወደ መንደርና ወደ እርሻ መዞሩ የተለመደ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ጋርኔት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገልግሎቱ ሲመለስ፣ በሞላ የወታደር አውሮፕላን ውስጥ ከአብራሪዎቹ ዘንድ ተቀምጦ አገሩን ቁልቁል አየ። በዚያው አብራሪነት ተማረ፤ በ1950 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባደገበት በሎስ አንጀለስ ዙሪያ የሌክዉድ ቤቶች ከመሠረት እስከ ጣሪያ ሲወጡ ከላይ ሆኖ አነሳቸው።

በኢትዮጵያ ታሪኩ ተገላቢጦሽ ነው። ስዊዘርላንዳዊው አብራሪ ዋልተር ሚተልሆልዘር በ1934 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ አውሮፕላን ሊያደርስ መጥቶ አዲስ አበባን ከአየር ቢያነሳም፣ አገሩን በሰፊው ያነሳው ወራሪው ነው። የጣሊያን ወታደራዊ የካርታ ተቋም ከ1935 እስከ 1941 ባነሳቸው ፎቶዎች አንዱ ካሜራ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ሦስቱ ደግሞ ወደ ጎን አዘንብለው ያያሉ፤ አራቱ ምስሎች ጎን ለጎን በአንድ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋሉ። ከ8,000 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች በአዲስ አበባው የካርታ ሥራ ድርጅት ውስጥ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተቀምጠው ቆዩ። የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ በ2010ዎቹ አጥንተው ለምርምር አበቋቸው። ጠላት ለጦሩ ያነሳው ፎቶ ለአያቶቻችን ቀዬ ምስክር መሆኑ፣ ደስ ባይልም፣ እውነት ነው።

ከእነዚህ ፎቶዎች ከሁሉ የበለጠ የሚያነጋግረው የደቡብ ጎንደሩ ነው። በጥቁርና ነጭ ምስሉ ላይ የቤተ ክርስቲያን ደን በእርሻ መሐል እንደ ቀለም ጠብታ ክብ ሆኖ ይጠቁራል። ተመራማሪዎች የ1938ቱን ፎቶ ከ2015 ምስል ጋር ሲያስተያዩ ደኖቹ በስፋት ብዙም አልጠበቡም። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ነው፤ ታርሷል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ገብቷል። «ዱሮ ሁሉ ደን ነበር» የሚለውን ወግ እነዚህ ፎቶዎች ሙሉ በሙሉ አይደግፉትም።

የኢትዮጵያ ቀዬ ከላይ የተነሳ ምስል በአሜሪካም ይገኛል። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው የሜሪላንዷ ላንግሊ ፓርክ ከአቪዬሽን ጋር በጉርብትና ትገናኛለች። ስሟ ግን በፖቶማክ ወንዝ ላይ የበረራ ሙከራ ካደረገው ከሳሙኤል ላንግሊ የመጣ አይደለም፤ ከአንድ ባለርስት ቤተሰብ ይዞታ ነው። በጎረቤቷ ኮሌጅ ፓርክ ዊልበር ራይት በ1909 የጦር መኮንኖችን አብራሪነት አስተምሯል። እዚያው ከተማ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የካርታ ክፍል፣ በ1995 ምስጢርነቱ የተነሳለትን የኮሮና የስለላ ሳተላይት ፊልም ለሚጠይቅ ሰው ያሳያል። ኮሮና ከ1960 እስከ 1972 ሲሠራ የተነሳውን ፊልም በካፕሱል ይጥል ነበር፤ ካፕሱሉ በፓራሹት ሲወርድ አውሮፕላን አየር ላይ ይቀልበዋል። ካነሳቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

ላንግሊ ፓርክ የሚኖር ሰው በአፓርታማው ላይ ድሮን ላስነሳ ቢል ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ዙሪያ ድሮን ክልክል ነው። የተወለደበትን ቀዬ የ1960ዎቹ ፊልም ግን ጥቂት ደቂቃ ነድቶ መጠየቅ ይችላል። ጥራቱ ጥሩ የሆነው የኮሮና ፊልም እስከ 2 ሜትር ገደማ ይለያል፤ ሰውና ከብት አይታይበትም፤ የቤት ጣሪያ፣ የገበያ ሜዳና የደብር ደን ግን ይታያል።