ከአምባሰል እስከ ዙፋን፦ የእቴጌ መነን አስፋው ፖለቲካዊ ሕይወት

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ መጣጥፍ የእቴጌ መነን አስፋውን ሕይወት በፖለቲካ ታሪክ ዓይን ይመረምራል። የተለመደው አጻጻፍ እቴጌዪቱን በመንፈሳዊነትና በበጎ አድራጎት ብቻ ያስታውሳቸዋል። መጣጥፉ ግን መነን የአምባሰል ጃንጥራሮች ቤትና የወሎ ንጉሥ ቤት የተገናኙባቸው፣ ከሰገሌ ጦርነት በኋላም ወሎና ሸዋ በደም የተሳሰሩባቸው የፖለቲካ ሰው እንደነበሩ ይከራከራል። ቀናት ሁሉ፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

በዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ፖለቲከኛ ሴት ስትነሳ ቀድመው የሚጠሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ጣይቱ በምክር ቤት ተናገሩ፣ የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 ተቃወሙ፣ ሠራዊት አሰልፈው አድዋ ዘመቱ። ዳግማዊ ምኒልክ በታመሙ ጊዜም መንግሥቱን በእጃቸው ይዘው ሲሾሙና ሲሽሩ ቆይተው በ1902 መኳንንቱ ከሥልጣን አራቋቸው። እቴጌ መነን እንዲህ ያለ የአደባባይ ሙግት ውስጥ አልገቡም። በዚህ ምክንያት ታሪክ ጸሐፊዎች በመነን ላይ የሚያውሉት ገጽ አነስተኛ ነው፤ የሚጽፉትም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ምጽዋት ነው።

ይህ አነባበብ አንድ ጉድለት አለው። ፖለቲካን በጦር ሜዳና በችሎት ብቻ ስለሚፈልግ በጋብቻ፣ በዝምድናና በወራሽነት የተሠራውን ፖለቲካ ይስታል። በ19ኛው እና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ግን የአገረ ገዢዎች ኪዳን የሚታሰረው በዋናነት በጋብቻ ነበር። የመነንን ሕይወት ከዚህ አንጻር ስናየው ከትውልድ ቀዬ ከአምባሰል መጀመር ግድ ይሆናል።

አምባሰልና ሐይቅ፦ የሥልጣን መልክዐ ምድር

ከደሴ በስተሰሜን ባለው አጭር ርቀት ውስጥ ለኢትዮጵያ መንግሥት ታሪክ እጅግ የከበዱ ሦስት ቦታዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው ያደራጁት ይህ ገዳም የይኩኖ አምላክ ሥርወ መንግሥት ሲነሳ የቅርብ ደጋፊ እንደነበረ በገዳሙ ትውፊት ይነገራል። የገዳሙ አበምኔቶች የያዙት የዓቃቤ ሰዓትነት ማዕረግም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቤተ መንግሥቱ ታላላቅ ሥልጣኖች አንዱ ሆኗል። ዐፄ እስክንድር በሕፃንነት ሲነግሡ መንግሥቱን ከእናታቸው ከእቴጌ ሮምናና ከቢትወደድ አምደ ሚካኤል ጋር ያስተዳደሩት ዓቃቤ ሰዓት ተስፋ ጊዮርጊስ የሐይቅ ሰው ነበሩ።

ሁለተኛው ግሸን ነው። ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን የሚጎርፉበት አምባ በመካከለኛው ዘመን ከንጉሥ ዘር የተወለዱ ወንዶች ለዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁበት ነበር። የአምባሰል ገዢዎች መጠሪያ የሆነውን የጃንጥራርነት ማዕረግ የአካባቢው ትውፊት ከዚህ ከአምባው ጥበቃ ጋር ያያይዘዋል። ማዕረጉ በአንድ ቤት ተወስኖ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ መኖሩ ከሌሎች የኢትዮጵያ ሹመቶች ይለየዋል። ደጃዝማችነትን ንጉሥ ይሰጣል፣ ይነሳልም፤ ጃንጥራርነት ግን የአምባሰል ርስት ነበር።

ሦስተኛው ውጫሌ ነው። ዛሬ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ በሆነው በዚህ ቦታ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዳግማዊ ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። የውሉ አንቀጽ 17 የአማርኛና የጣሊያንኛ ቅጂ መለያየት ወደ አድዋ ጦርነት ካደረሱት ምክንያቶች ዋነኛው ሆነ። መነን የተወለዱት ይህ ውል በተፈረመ በሁለተኛው ዓመት፣ በዚያው በአምባሰል ነው።

ትውልድ

መነን መጋቢት 25 ቀን 1883 በአምባሰል እጓ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ናቸው። የዚህ ጋብቻ ትርጉም የሚገባን የእናታቸውን አባት ስናውቅ ነው። ራስ ሚካኤል፣ በቀድሞ ስማቸው መሐመድ ዓሊ፣ የወረሂመኖ ገዢ ነበሩ፤ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር በተያያዘ ክርስትና ተነሥተው፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የክርስትና አባት ሆነዋቸው፣ የወሎ ታላቅ መስፍን ሆኑ። ለእኚህ ሰው ጥንታዊ ስም ካለው የጃንጥራሮች ቤት ጋር መጋባት በክርስቲያኑ ወሎ ውስጥ ሥር መስደጃ ነበር። በአምባሰል በኩል ደግሞ እያደገ ከሚሄድ ኃይል ጋር መወዳጃ ሆነ። መነን የዚህ ኪዳን ፍሬ ናቸው።

ራስ ሚካኤል የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። በዚህም መነን ለልጅ ኢያሱ የእኅት ልጅ ሆኑ፤ በዕድሜ ግን አጎትየው ያንሷቸዋል። መነን ገና በልጅነት ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዳሩ። ከሁለት የወሎ መኳንንት አራት ልጆች ወልደው፣ ከዚያም ለሸዋው መስፍን ለራስ ልዑልሰገድ አጥናፍ ሰገድ ተዳሩ። እነዚህን ጋብቻዎች እንደ ግል ሕይወት ታሪክ ብቻ መቁጠር ስሕተት ነው። እያንዳንዳቸው የሚካኤል ቤት ከማን ጋር መወዳጀት እንደፈለገ ያሳያሉ። ልጅቱ ፈቃዷን ሳትጠየቅ የሌሎች ኪዳን ማሰሪያ ትሆን እንደነበርም ይመሰክራሉ።

የ1903 ጋብቻና የ1909 ፈተና

የምኒልክ ወራሽ የሆኑት ልጅ ኢያሱ መንግሥቱን በእጃቸው ማስገባት ሲጀምሩ በጣም የሚያሰጓቸው የሐረርጌው ገዢ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን (የኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ነበሩ። ተፈሪ በኢያሱ ላይ ላይነሡ ቃል ኪዳን ገብተው ነበር፤ ቃሉን የሚያጠብቅ ዝምድና ግን አስፈለገ። ስለዚህ ኢያሱ የእኅታቸውን ልጅ ከራስ ልዑልሰገድ አፋትተው በሐምሌ 1903 ለተፈሪ ዳሩ። ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በኋላ ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ጋብቻው በፈቃዳቸው የተፈጸመ እንደነበር ጽፈዋል። ፖለቲካዊ ዓላማው ግን ግልጽ ነው፦ ተፈሪን የሚካኤል ቤት አማች ማድረግ።

ዓላማው ሳይሳካ ቀረ። በነሐሴ 1908 ኢያሱ ተፈሪን ከሐረር ሽረው ወደ ከፋ እንዲዛወሩ አዘዙ። መስከረም 17 ቀን 1909 የሸዋ መኳንንትና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ኢያሱን ሽረው የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን ንግሥት፣ ተፈሪን ራስና አልጋ ወራሽ አደረጉ። በ1906 የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆነው ዘውድ የጫኑት ሚካኤል ለልጃቸው ሊበቀሉ ከደሴ ተነሡ።

እዚህ ላይ የመነን የቤተሰብ ሐረግ በሙሉ በጦር ሜዳ ተፋጠጠ። በጥቅምት ወር ቶራ መስክ ላይ የንጉሥ ሚካኤል ጦር የሸዋን ግንባር ቀደም ሠራዊት ደመሰሰ፤ የዚያ ሠራዊት አዛዥ ራስ ልዑልሰገድ ወደቁ። አያት የልጅ ልጃቸውን የቀድሞ ባል ጦር ፈጁ ማለት ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጥቅምት 17፣ በሰገሌ የሸዋ ጦር ድል አደረገ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። አያት በልጅ ልጃቸው ባል ወገን እጅ ወደቁ፤ በ1910 ማብቂያም በእስር እንዳሉ ሞቱ። አጎታቸው ኢያሱም በ1913 ተይዘው እስከ ሞታቸው ታሰሩ።

በዚያ ዘመን ልማድ ኪዳን ሲፈርስ ጋብቻው አብሮ ይፈርስ ነበር። የተሸነፈ ቤት ልጅ ወደ አባቷ አገር ትመለሳለች፤ ባልም ለአዲሱ አሰላለፍ የሚመች ሚስት ያገባል። የተፈሪና የመነን ጋብቻ ግን ጸና። ለዚህ ፍቅርና መተማመን ድርሻ ነበራቸው ማለት ይቻላል፤ ፖለቲካዊ ጥቅሙም ቀላል አልነበረም። ሰገሌ ወሎን ሲያሸንፍ የወሎን ልብ አላሸነፈም። የሚካኤልን የልጅ ልጅ በቤቱ ያስቀመጠ ገዢ ለወሎ ሰው እንግዳ ብቻ ሆኖ አይታይም። የመነን የመጀመሪያው ትልቅ የፖለቲካ ሥራ ይህ ነው፦ በደም የተቆረጠውን መስመር በቤታቸው ውስጥ ሳይበጠስ ማቆየት።

ዘውድ፣ ወራሽና ወሎ

ጥቅምት 23 ቀን 1923 በመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን መነን ከባለቤታቸው ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ሥርዓት ዘውድ ጫኑ። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ የእቴጌዪቱ ንግሥ ከንጉሠ ነገሥቱ ንግሥ በኋላ በሌላ ቀን እንዲሆን ነበር፤ የጣይቱም የተፈጸመው እንዲሁ ነው። የ1923ቱ ሥርዓት ለውጥ የሚናገረው ከክብር በላይ ነው፤ ሥርወ መንግሥቱ በባልና በሚስት ጥምረት ላይ እንደቆመ ለዓለም እንግዶች ታየ።

በሐምሌ 1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ዘውዱን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር ብቻ ወሰነ። የንጉሠ ነገሥቱ ወንዶች ልጆች ሁሉ ከመነን የተወለዱ ስለነበሩ ሕጉ በተግባር ዘውዱን ከአምባሰል ለወጣ ማሕፀን ሰጠው። በሐምሌ 1908 የተወለዱት አልጋ ወራሽ አስፋወሰን የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። ወሎ ለአልጋ ወራሹ መሰጠቱና መቀመጫቸው ደሴ መሆኑም ከዚህ ዝምድና ተነጥሎ አይታይም። ሚካኤል በጦር ያጡት አገር በመነን በኩል ለዘራቸው ተመለሰ።

የአደባባይ ሥራ

መነን የግል ፈቃዳቸው በግልጽ የሚታየው በትምህርት ላይ ነው። ከዘውዱ በዓል በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1931 እ.ኤ.አ.፣ በስማቸው የሚጠራው የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ለወንዶች የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ከተከፈተ ገና ጥቂት ዓመታት ናቸው፤ የመኳንንት ሴት ልጅ ደግሞ በልጅነቷ ተድራ ከቤት የምትቀርበት ዘመን ነበር። ራሳቸው በልጅነት የተዳሩት እቴጌ ሴት ልጆችን ከማጀት አውጥተው ወደ መማሪያ ክፍል ማስገባታቸው ጠንካራ የፖሊሲ ውሳኔ ነው። ትምህርት ቤቱ ከአብዮቱ በኋላ የካቲት 12 ተብሎ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል።

የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ በ1927 የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በእቴጌዪቱ የበላይ ጠባቂነት ተመሠረተ፤ ልዕልት ፀሐይም በሥራው ግንባር ቀደም ነበሩ። መነን በዚያው ጊዜ በሬዲዮ ለዓለም ሴቶች ንግግር አድርገው ጦርነቱን እንዲቃወሙ ጠየቁ። ንግግሩ የተሰማው ወንዶቹ ዲፕሎማቶች በጄኔቫ እየተሟገቱ ባለበት ወቅት ነው። እቴጌዪቱ የመረጡት አድማጭ ግን ሌላ ነበር፦ በድምፃቸው በመንግሥታቸው ላይ ተጽዕኖ ማድረግ የሚችሉ ሴቶች። ይህ የታሰበበት ዲፕሎማሲ ነው።

ስደት፣ መመለስና የ1953 ፈተና

ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰቡ አዲስ አበባን ለቀው የወጡት ሚያዝያ 24 ቀን 1928፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የውጫሌ ውል በተፈረመበት በዚያው ቀን በ47ኛ ዓመቱ ነው። እቴጌዪቱ የስደቱን ዘመን በኢየሩሳሌምና በእንግሊዝ ባዝ ከተማ አሳለፉ። አገራቸው ነጻ ከወጣች ዘውዳቸውን በቤተ ልሔም ለልደት ቤተ ክርስቲያን ለመስጠት ተሳሉ፤ ከድል በኋላም ስእለታቸውን ፈጸሙ። በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር ያሠሩት ገዳምም ኢትዮጵያ በቅድስት ሀገር ያላትን ይዞታ አጠናክሯል።

ከነጻነት በኋላ መነን ከአደባባዩ እየራቁ ሄዱ። በቤተ መንግሥቱ የነበራቸው ክብደት ግን በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ታየ። ጀኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወገኖቻቸው ሚኒስትሮቹንና መኳንንቱን አንድ በአንድ መያዝ ሲፈልጉ የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነበር፦ እቴጌዪቱ በጠና ታመዋል የሚል ጥሪ ላኩ። የተጠሩት ሳይጠራጠሩ መጡ፤ ተያዙም። እቴጌዪቱን መጠየቅ ለማንም የመንግሥት ሰው የማይቀር ግዴታ መሆኑን ሴረኞቹ በሚገባ ያውቁ ነበር። ስማቸው ብቻ የመንግሥትን አመራር በአንድ ሌሊት ለመሰብሰብ በቃ። እቴጌ መነን የካቲት 8 ቀን 1954 ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

መደምደሚያ

የመነን ሕይወት በምርጫና በሹመት የሚለካ የፖለቲካ ሰው ታሪክ አይደለም። ሥልጣን የጀመረላቸው በትውልድ ነው፤ በሌሎች ውሳኔ ወደ ጋብቻ ገቡ፤ ከሰገሌ በኋላ ግን ያንን የተሰጣቸውን ቦታ በጽናት ወደ ራሳቸው መሣሪያ ለወጡት። ጣይቱ በአደባባይ ታግለው ከአልጋው ጋር ወደቁ። መነን ከጓዳ ሆነው ሁለት የተዋጉ ቤቶችን በአንድ ወራሽ አስማሙ፤ ለሴቶች ትምህርትም በር ከፈቱ። የአካሄዳቸው ገደብም መነገር አለበት፦ በዝምድና የተሠራ ሰላም የመሳፍንቱን ቤቶች አስታረቀ እንጂ የወሎን ገበሬ የመሬትና የግብር ጥያቄ አልመለሰም።

ከዚህ የሚከተለው ለታሪክ ጥናታችን ግልጽ ሥራ ነው። የጃንጥራሮች ቤት የዘር ሐረግ፣ የወይዘሮ ስኂንና የመሰሎቻቸው ሚና፣ በሐይቅና በግሸን ገዳማት የተጻፉ የርስትና የስጦታ ማስታወሻዎች እንደ ፖለቲካ ምንጭ ሊነበቡ ይገባል። የወይዘሮ ስኂን ስም በደሴ ትምህርት ቤት ላይ በየቀኑ ይጠራል፤ የሠሩት ፖለቲካ ግን በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የለም። የዚያ ዘመን መንግሥት በጦር ሜዳ የተሠራውን ያህል በሴቶች ቤት ውስጥም ተሠርቷል። አምባሰልን ያላካተተ የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ፖለቲካ ታሪክ የራሱን ግማሽ ያጎድላል።